ዓይናችሁ ሥር አብጦ ነው የምትነሱት? ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ጣቱን ወደ ዓይኑ ሥር እየጠቆመ "ለዚህ የሚሆን ክሬም አለሽ?" ሳይለኝ የሚያልፍ ቀን የለም። ዘመድ ጓደኛም ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። መልሴ ሁሌ ያው ስለሆነ አንድ ቦታ ጻፍኩት።

ዓይን ሥር የሚያብጠው ነገር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የአንዱ ውሃ ነው፣ የሌላው ስብ ነው፣ የሌላው አለርጂ ነው። አንዳንዱማ ጭራሽ እብጠት የለውም፣ ጥቁረት ብቻ ነው። ለውሃው የሚሠራው ዘዴ ለስቡ ምንም አያደርግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራሳችሁን ዓይነት መለየት ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ገንዘብ አያስወጣም።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦ ቤት ውስጥ የማይሞከሩ እብጠቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ መመሪያውን ተዉትና ወደ ሐኪም ሂዱ።

- አንድ ዓይን ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነካ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ። ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ ካመመ ወይም እይታ ከደበዘዘ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።
- እርጉዝ ሆናችሁ ፊታችሁ በድንገት ካበጠ፣ በተለይ ከባድ ራስ ምታት ወይም ብዥታ ካለው። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ይህም ቀጠሮ አይጠብቅም።
- ከንፈር ወይም ምላስ አብሮ ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የምትወስዱ ሰዎች ይህን በደንብ ያዙት፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር የወሰደ ሰው ላይም ሊመጣ ይችላል።
- ጠዋት ጠዋት ፊት ያብጣል፣ ማታ ደግሞ እግር ያብጣል፣ ሽንትም አረፋ ይበዛዋል። ይህ የኩላሊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ወላጅ "ብዙ ስለተኛ ነው" ወይም "አለርጂ ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ እባካችሁ የሽንት ምርመራ አሠሩለት። ቀላልና ፈጣን ምርመራ ነው።
- ዓይን ወደ ውጭ እየወጣ ከመጣ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ። ወይም በተቃራኒው ፊት ድፍን ብሎ፣ ብርድ ብርድ እያለ፣ ድካምና ክብደት ከጨመረ። ሁለቱም ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ያስመረምራሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የለሁበትም ካላችሁ እንቀጥል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መስታወትና የመስኮት ብርሃን
- ካሜራ ያለው ስልክ
- ሁለት ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ (ያረጀ የነጠላ ቁራጭ በጣም ይመቻል፣ ቆዳ አይፍቅም)
- ፍሪጅ፤ ከሌለ ሌሊቱን ደጅ ያደረ ውሃ፣ ደጋ ለሆነ አገር ይበቃል
- ሁለት ባለ ክር የጥቁር ሻይ ከረጢት
- አንድ ተጨማሪ ትራስ
- ኤስፒኤፍ (የመከላከል መጠኑ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም
- ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን የሚባል የአለርጂ ክኒን፣ አለርጂ መሆኑን ካወቃችሁ ብቻ

የዓይን ክሬም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አልረሳሁትም። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ለ3 ቀን ፎቶ ተነሡ

በቀን ሦስት ጊዜ፦ እንደተነሣችሁ ፊት ሳትታጠቡ፣ ቀን 7 ሰዓት አካባቢ፣ እና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት። ለቀኑ ፎቶዎች መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ፤ ለማታው መብራቱ ከፊታችሁ ይሁን። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ፊልተር አጥፉ፣ ስልኩን በዓይናችሁ ልክ ያዙ።

ብርሃኑ ከፊት እንዲሆን የምለው ምክንያት አለኝ። አምፖሉ ከአናታችሁ በላይ ሲሆን ምንም የሌለበትን ሰው እንኳ ዓይኑ ሥር ጥላ ይጥልበታል። ብዙ ሰው መታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ አይቶ የሚደነግጠው በዚህ ነው።

ሌሊት የምትሠሩ ሰዎች፣ አሜሪካ ያሉ የሌሊት ሺፍት ሠራተኞችም ሆናችሁ እዚህ ዘበኛና ነርስ፣ "ጠዋት" ያልኩትን "ከእንቅልፍ ስነሣ" ብላችሁ አንብቡት። ዋናው ተኝቶ መነሣቱ ነው፣ ሰዓቱ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ለዩ

ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጉና እነዚህን ሙከራዎች ሥሩ።

*ጠዋት ጎልቶ እስከ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ውሃ ነው።* ስንተኛ ጭንቅላታችን ከሰውነታችን እኩል ስለሚሆን ቀን ወደ እግር ይወርድ የነበረው ፈሳሽ ፊት ላይ ይቆያል። የዓይን ሥር ቆዳ ደግሞ ከሰውነታችን በጣም ስሱ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ከሥሩም ያለው ላላ ያለ ነው። ትንሽ ውሃ እንኳ ወዲያው ይታይበታል። ተነሥታችሁ ስትንቀሳቀሱ ይወርዳል።

*ሦስቱም ሰዓት ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ* አገጫችሁን ሳታነሡ በዓይናችሁ ብቻ ጣሪያ ተመልከቱ። እብጠቱ ይበልጥ ጎላ ካለ ስብ ነው። ዓይናችንን ዙሪያውን እንደ ትራስ የሚደግፈው ስብ አለ፤ ወደ ፊት እንዳይወጣ የሚይዘው ደግሞ ስስ ሽፋን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሽፋኑ ይላላና ስቡ ይገፋዋል። በዘርም ይመጣል። በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው እንቅልፉን ጠግቦ እየተኛም ሊኖረው ይችላል። የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የወጣትነት ፎቶ አውጡና ዓይን ሥሩን እዩት።

*የሚያሳክክ፣ የሚያስነጥስ፣ አፍንጫ የሚዘጋ ከሆነ አለርጂ ነው።* አፍንጫ ሲታፈን ከዓይን ሥር ደም የሚመልሱት ሥሮች ይጨናነቃሉ፤ እብጠቱም ጥቁረቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ማሸቱ ደግሞ ያብሰዋል።

*ያበጠ ሳይሆን የጠቆረ ብቻ ከሆነ* ቆዳውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ወጠር አድርጉ። ጥቁረቱ ከጠፋ የጎድጓዳ ጥላ ነው። ቡናማው ቀለም እንዳለ ከቀረ የቆዳው የራሱ ቀለም ነው።

አንድ ልጨምር፦ እብጠቱ ከዓይን ሥር ወርዶ ጉንጭ አጥንት ላይ ከሆነ ከእነዚህ የተለየ ነው። ክሬም አያነሣውም፣ ፊለር (ቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ መሙያ) ደግሞ ሊያብሰው ይችላል። እሱን በቀጥታ ለሐኪም አሳዩ።

ሁለት ዓይነት አንድ ላይ መኖሩ የተለመደ ነው። ስብም ውሃም ያለበት ሰው ጠዋት ብሶበት ቀን ላይ ይቀንስለታል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋለትም። የሚቀነሰው የውሃው ድርሻ ብቻ መሆኑን ካወቃችሁ ተስፋ አትቆርጡም።

ደረጃ 3፦ ያበጠውን በቅዝቃዜ አውርዱ (ለውሃና ለአለርጂ)

ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁት። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዓይን ጨፍኑ፣ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ሲሞቅ ቀይሩት። አትጫኑ፣ አትሹ።

ቅዝቃዜ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ወደ ቆዳው የሚፈሰው ፈሳሽም ይቀንሳል። ተቀመጡ ያልኩት ደግሞ ውሃው እንዲወርድ ነው፤ ተኝታችሁ ከሠራችሁት ግማሹን ጥቅም ታጡታላችሁ።

ሻይ ከመረጣችሁ ሁለቱን ከረጢት ለ3 ደቂቃ ፍል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ጨምቁ፣ ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ አስቀምጡና በተጨፈነ ዓይን ላይ አድርጉ። ካፌይኑ ትንሽ ያግዛል፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ቅዝቃዜው ነው። ስለዚህ ሻይ የለኝም ብላችሁ አትጨነቁ። ዱባም ሆነ ኪያር የሚጠቅሙት ቀዝቃዛ ስለሆኑ ነው።

ለቅሶ ቤት ያመሻችሁ ቀንም ይኸው ይሠራል። ስታለቅሱ እንባውን በመሐረብ መጠጥ አድርጉት እንጂ አትሹት፤ በማግስቱ ዓይን ድፍን የሚለው ከማልቀሱ በተጨማሪ በመታሸቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ። ያቃጥላል። በጨርቅ ጠቅልሉት።

ደረጃ 4፦ ስትተኙ ከፍ በሉ

ተጨማሪውን ትራስ ከአንገት ሥር ብቻ ሳይሆን ከትከሻ ጀምሮ እንዲደግፋችሁ አድርጉት። አንገት ብቻ ከታጠፈ ጠዋት እብጠቱ ቀንሶ አንገት አሞን ነው የምንነሣው። ትራስ የማይመቻችሁ ከሆነ በአልጋው ራስጌ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች ጠንካራ እንጨት ላይ አስቀምጡ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። አልጋው እንዳይንሸራተት አረጋግጡ።

በሆዱ የሚተኛ ሰው ፊቱ ወደ ታች ስለሆነ ይብስበታል። በአንድ ጎን ብቻ የሚተኛም ሰው አንደኛው ዓይን ሥሩ ከሌላው ሊበልጥበት ይችላል። በጀርባ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ የማታውን ጨው ቀንሱ

ከሁሉም ደረጃ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ለውሃው ዓይነት ግን ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይህ ነው። ጨው ውሃ ይዞ ያስቀምጣል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨዋማ ምግብ በልታችሁ ከተኛችሁ ያ ውሃ ጠዋት የምታገኙት ዓይናችሁ ሥር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ። "እኔ ጨው አላበዛም" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ጨው የምናየው ከጨው ዕቃው ስንጨምር ብቻ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል። ወጡ ሲወርድ እንደገና ይጨመራል። ዳቦው ውስጥ አለ፣ ቋንጣው ውስጥ አለ፣ የሾርባ ኩቡ ውስጥ አለ፣ ቶሎ የሚደርሰው ፓስታና ቺፕሱማ በጣም አለ። ቡናም በጨው የሚጠጣበት አካባቢ አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለ2 ሳምንት በርበሬ የገባበት ወጥ ስትሠሩ ሌላ ጨው አትጨምሩ፣ መጀመሪያ ቅመሱት። እራት ላይ ሚጥሚጣና አዋዜ ተዉ፣ ለምሳ አድርጉት። እራቱ ከመተኛታችሁ 3 ሰዓት ቀድሞ ይሁን። ጣዕሙ እንዳይጎድል ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት።

ውሃ አትቀንሱ። "ውሃ ነው ያበጠው" ስላልኩ ውሃ መጠጣት ያቆመች ደንበኛ አጋጥማኛለች። የሚቀነሰው ጨው ነው። ቢራና ጠጅም ማታ ላይ ቀንሱ፤ እንቅልፍን ይቆራርጣሉ፣ ፊትንም ያሳብጣሉ።

ደረጃ 6፦ አለርጂ ከሆነ ምንጩን አጥፉ

1. የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ። አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ትራስና ፍራሽ ይወዳሉ።
2. ከውጭ ስትገቡ ፊታችሁን ታጠቡ። ክረምት ወጥቶ አበባውና ሣሩ ሲፈነዳ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚብስባችሁ ከሆነ ይህ በጣም ይረዳል።
3. የከሰልና የዕጣን ጭስ ባለበት መስኮት ክፈቱ። ቡናው ይፈላ፣ ጭሱ ግን ፊታችሁ ላይ አይምጣ።
4. አዲስ የጀመራችሁትን ነገር አስታውሱ። ክሬም፣ የፀጉር ቀለም፣ ጥቁር ሂና፣ ኩል። የጥፍር ቀለም እንኳ ጣት ላይ ምንም ሳያደርግ ዓይን አካባቢን ሊያሳብጥ ይችላል፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ በጣታችን ዓይናችንን እንነካለን። ሁሉንም ለ2 ሳምንት አቁሙና አንድ በአንድ መልሱ።
5. ካልቀነሰ ለአዋቂ ሰው ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይወሰዳል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ መኪና የምትነዱ ከሆነ ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም ይሻላችኋል። እርጉዝ፣ የምታጠባ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ልጅ ከሆነ ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ጥቁረት ከሆነ ከፀሐይ ተከላከሉ

ፀሐይ የቆዳ ቀለምን ታጠቁራለች። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐይዋ የደከመች እንዳይመስላችሁ።

ጠዋት ሰንስክሪን በቀለበት ጣት ጫፍ ነካ ነካ እያደረጋችሁ እስከ ዓይን ሥር አጥንት ድረስ ቀቡ፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። መነጽርና ባርኔጣ ጨምሩበት። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው።

አሁን ስለ ክሬም። ካፌይን ያለው የዓይን ክሬም እብጠቱን ለጥቂት ሰዓት ይቀንሳል፣ ከዚያ ያው ነው። ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያለበት ክሬም ቆዳውን በጊዜ ብዛት ትንሽ ያወፍረዋል፤ 3 ወር ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ያደርቃል ይቆጠቁጣል፣ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ጀምሩ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ጭራሽ አትንኩት። ስብን የሚያጠፋ ክሬም ግን የለም። ማንም ቢምልላችሁ አትግዙ።

ደረጃ 8፦ ስብ ከሆነ

ወይ ትተዉታላችሁ፣ ወይ ቀዶ ሕክምና ነው። ጤና አይጎዳም፣ መተው ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ስቡ ይወጣል ወይም ቦታው ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል በኩል ስለሚሠራ ከውጭ ጠባሳ አይታይም። እብጠትና መጥቆሩ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከመስማማታችሁ በፊት ሐኪሙ በዓይን ዙሪያ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ መሆኑን ጠይቁ፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ፣ ዓይናችሁ የሚደርቅ ከሆነም እንዲሁ።

ፊለር ስቡን አይቀንስም፣ ከሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ይሞላል። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ብርቅ ቢሆንም ዓይን እስከ ማሳወር ይደርሳል። የውበት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣችሁ ዓይን ሥራችሁን እንዳታስወጉ። የሚወጋችሁ ሐኪም ይሁን፣ ፊለሩን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው መድኃኒትም እጁ ላይ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

*ማቅያ ክሬም ዓይን ሥር መቀባት።* በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት) አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ያምራል፣ ሰው የሚታለለው በዚያ ነው። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ጥቁረቱ ይብሳል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ግላኮማ የወሰደው እይታ አይመለስም። ለወራት ስትቀቡ ከነበረ በአንዴ ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ፣ በድንገት ሲቆም ፊት ሊቆጣ ይችላል።

*የፊንጢጣ ኪንታሮት ክሬም።* ዓይን ሥር ቀቡት የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ ያው ስቴሮይድ አለበት። ዓይን ሥር የሚቀባ አይደለም።

*ለልጅ የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም መግዛት።* ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ አንዴ የታዘዘለትን ጠብታ እናት ሲያልቅ እየደጋገመች ትገዛለች፣ ምክንያቱም ወዲያው ያስታግሳል። አደጋው ያው ግላኮማ ነው። በየጊዜው ዓይኑን የሚያሽ ልጅ የዓይን ሐኪም ይየው።

*ውሃ የሚያወጣ ክኒን።* ፉሮሴማይድ ለዓይን እብጠት አይደለም። ፖታሲየም ያወርዳል፣ የልብ ምት ያዛባል።

*ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና።* ያቃጥላሉ፣ የተቃጠለው ቦታ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል።

*ኩልና ሜካፕ ሳይታጠቡ መተኛት።* ያስቆጣል። አንዳንዱ ኩል ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ሕፃናት ዓይን ላይ ፈጽሞ አታድርጉ።

*በ3 ቀን ውጤት መፈለግ።* ከደረጃ 3 እስከ 6 ያለውን 2 ሳምንት ሥሩበት። በ14ኛው ቀን ጠዋት እዚያው መስኮት ጋ ፎቶ ተነሡና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት።

ምንም ካልተለወጠ

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ፎቶዎቹን ከነሰዓታቸው ያዙ፤ ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ እብጠቱ ወርዶ ስለሚሆን "ምንም አይታይም" እንዳትባሉ። የምትወስዱትን መድኃኒትና የምትቀቡትን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የደም ግፊታችሁ ይለካ፤ የሽንት፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ሽንቱን ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሣችሁ የምትሸኑትን ብትወስዱ ይመረጣል፤ ለዚያ የሚሆን ንጹሕ ዕቃ ከየትኛውም ፋርማሲ ታገኛላችሁ።